ግድግዳ የያዝኩባቸው ወራት

ማዞር ጀምሯችሁ ቤት የተኛችሁ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሸርቆሌ በሚገኝ የስደተኛ ልጆች ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ቤቴ አሶሳ ነው፤ የተወለድኩት ደብረ ታቦር ነው። እኔ የሠራሁትን ስሕተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ የሁሉም እናት ግን አንድ ናት፦ ፈራሁና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት፣ ሰኞ ጠዋት፣ በሸርቆሌው ሚኒባስ ውስጥ ነው። መኪናው ገና ሰው እየጠበቀ ነበር። መቆሙን ያወቅኩት ረዳቱ ከታች ሆኖ «ሸርቆሌ! ሸርቆሌ አንድ ሰው!» ሲል ስለሰማሁት እንጂ፣ ለእኔስ መኪናው እንደ እንዝርት ይሾር ነበር። የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጄ ጨብጬ «ውረዱ፣ ሊገለበጥ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ሲያስመልሰኝ ሳቁ ቆመ።

«ምች ነው፤ ምች መትቷታል» አለች አጠገቤ የነበረች ሴት።

ደግፈው ቤቴ መለሱኝ። የቤት አከራዬ እትዬ ይመኙሻል በልጅነቷ በሰፈራ ከወሎ መጥታ እዚሁ አሶሳ ያረጀች የበርበሬ ነጋዴ ናት። ዳማከሴ ቆርጣ አሸችና አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ፤ ጭማቂውንም አጠጣችኝ። «ላብሽ ሲመጣ ይለቅሻል» አለችኝ። ላቡ መጣ። ምቹ ግን ምች አልነበረምና አልለቀቀኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ጣሪያው ዞረ። በአራተኛው ቀን ዙረቱ ቆመ፤ ከዚያ የባሰው ተተካ። መሬቱ ፍራሽ ሆነብኝ። በእግሬ ስረግጠው የሚሰምጥ ይመስለኛል። ዓይኔን ስጨፍን ደግሞ አንድ ሰው በስተግራ በኩል እንደሚጎትተኝ ሆኖ እወድቃለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ መጸለይ የለመድኩ ሰው፣ አፍጥጬ መጸለይ ጀመርኩ። አፍጥጦ የሚጸለይ ጸሎት እንዴት ያለ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ልቤ የግድግዳውን ስንጥቅ ሲቆጥር ነበር የሚውለው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። ሁለተኛው ታይፎይድም ታይፈስም ነው አለ። ሦስተኛው ደምሽ አንሷል ብሎ ጎመንና ምስር አዘዘልኝ፤ ጾመኛ ስለሆንኩ ከእሱ ሌላ ምን በልቼ እንደማውቅ ባላውቅም አመስግኜ ወጣሁ። እትዬ ይመኙሻል ወረቀቶቹን አየቻቸውና «አንቺ ልጅ፣ በዚህ አገር ታይፎይድ የለበትም የተባለ ሰው ካለ ደም ያልሰጠ ሰው ነው» አለችኝ። ሳቅኩ። ስስቅ ራሴ ዞረ፤ ሳቄን አቋረጥኩ።

የማዞር ኪኒን አንድ ሰው ነገረኝ፤ ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ። ሲያልቅ ደግሞ ገዛሁ። መሐል ላይ ሁለት ሳምንት ጠበል ገባሁ። ጠበል የገባ ሰው መድኃኒት አይነካም ብዬ ያን ጊዜ ሁሉንም አቆምኩ፤ ካህኑ አቁሚ አላሉኝም፣ እኔው በራሴ ነው። ከዚያ ተመልሼ ኪኒኔን ቀጠልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጥር ገባ።

በእነዚያ ወራት ግራ እጄ ከግድግዳ ተለይቶ አያውቅም። ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ሽንት ቤት ድረስ በኖራው ላይ የእጄ መንገድ ጠቆረ። የቤቴ በር ጓጉንቸር ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ጓጉንቸሩን ይዞ አንዱ ቁልፉን ያዞራል። እኔ የነበረኝ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው የግድግዳው ነበር። ስለዚህ ደጃፌ ላይ ቆሜ «እትዬ ይመኙሻል!» እያልኩ እጣራለሁ።

«መጣሁ! ቁልፍ ያዥሽ መጣሁ!» ትላለች በርበሬዋን ከእጇ እያራገፈች።

ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድምጋሼ፣ በየሁለት ቀኑ ከደብረ ታቦር ይደውላል። የአባታችንን መቋሚያ ለመደገፊያ እንዲሆነኝ ብሎ በመንገደኛ ላከልኝ። አባታችን መሪጌታ ነበሩ። ወንድምጋሼ ከመቋሚያው ጋር የላከው ቃል ግን አስደነገጠኝ።

«ለፋሲካ እመጣለሁ። ግድግዳ ይዘሽ ካገኘሁሽ፣ ይዤሽ እገባለሁ። ጓሮ ያለችው ክፍል ጸድታለች።»

ያቺን ክፍል አውቃታለሁ። አክስታችን «እስኪሻላት» ተብላ የገባችባት ክፍል ናት። ሰው ሁሉ ይወዳት ነበር፤ ምግቧም በሰዓቱ ይገባላታል። ዐሥራ አራት ዓመት ከግድግዳው ሥር ሳትነሣ ኖረች፤ የወጣችውም በቃሬዛ ነው። ወንድምጋሼ ክፉ ሰው አይደለም። ክፋት ቢኖርበት እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር። አሶሳ ከመጣሁ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ፊደል ያስቆጠርኳቸው ልጆች ዛሬ ራሳቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ከዚህ ከሄድኩ እንደማልመለስ አውቄዋለሁ። ሌሊት ሌሊት የሚያስፈራኝ ሞት አልነበረም። ያቺ የጸዳች ክፍል ነበረች።

ከፋሲካ በፊት ግድግዳውን መልቀቅ ነበረብኝ።

በጥር መጨረሻ ሆስፒታል ለመግባት ገና ሳይነጋ ተሰለፍኩ። ካርድ የሚያወጣው ሰው እስኪመጣ ድረስ ግቢው ውስጥ ባለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ መቋሚያዬን ታቅፌ፣ ዓይኔን አንድ ቦታ ማሳረፍ አቅቶኝ ስቁነጠነጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ አንድ ሰው አየሁ። የጥበቃ ልብስ ለብሷል፤ ጢሙ ነጭ ነው። እጆቹን ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው ቀስ አድርጎ ያነሣል፣ ቀስ አድርጎ ያወርዳል። አንዱን እግሩን ያነሣል፤ ሳይቸኩል ያሳርፋል። ክብደቱን ከዚህኛው እግር ወደዚያኛው ሲያዛውር ወተት ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚገለብጥ ይመስላል።

አባቴ ትዝ አሉኝ። በማሕሌት ቆመው ሲዘምሙ፣ መቋሚያው ሲነሣና ሲወርድ፣ ጉልበታቸው በዝግታ ሲታጠፍ ልክ እንዲህ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸው እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲያድሩ ሲንገዳገዱ አይቻቸው አላውቅም።

ተራዬ ደረሰ። ሐኪሟ ወጣት ናት። የደም ምርመራ አላዘዘችም። እግርሽን አጋጥሚ፣ ዓይንሽን ጨፍኝ አለችኝ፤ ወደ ግራ ስሄድ ያዘችኝ። ከዚያ አፍንጫዋን እያየሁ ጭንቅላቴን በድንገት ወደ ጎን አዞረችው፤ ዓይኔ አፍንጫዋን ለቅቆ ሄዶ ተመለሰ።

«ጆሮ ለመስማት ብቻ አይደለም» አለችኝ። «ግንበኛ ውኃ ልክ ይዞ አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? በሁለቱም ጆሮሽ ውስጥ እንደዚያ ያለ ነገር አለ። የግራው ወደ አንጎል የሚልክበት ነርቭ ተቆጥቷል፤ ብዙ ጊዜ ከጉንፋን በኋላ ይመጣል። አሁን አንጎልሽ በቀሪው መሥራትን መልመድ አለበት። ኪኒኑን ስንት ቀን ወሰድሽ?»

«ሦስት ወር ሆነኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ እኮ ለሦስት ቀን ነው። ለማስመለሱ ነው። ከዚያ ካለፈ አንጎልሽን ያስተኛዋል። ተኝተሽ፣ አንጎልሽንም አስተኝተሽ፣ በምኑ ይልመድ?»

አለቀስኩ። ታይፎይድ አይደለም፣ ዕጢ አይደለም፣ እርግማን አይደለም። የሚለመድ ነገር ነው። አውራ ጣቴን እያየሁ ጭንቅላቴን የማዞርበትን እንቅስቃሴ አሳየችኝ፤ ኪኒኑንም እንድተው አዘዘችኝ። ይህን እየተከታተለ የሚያሠራ ባለሙያ እኛ ጋ የለም፣ በራስሽ መበርታት አለብሽ አለች። ስወጣ አፍሬ ስለ ጥበቃው እንቅስቃሴ ጠየቅኳት።

«ጋሽ ሐምዳን?» ሳቀች። «ቀስ ያለ ነው፣ ክብደት ያዛውራል፤ ይጠቅምሻል እንጂ አይጎዳሽም። ግን ሰው ባለበት፣ የምትይዢው ነገር አጠገብሽ ሆኖ።»

ጋሽ ሐምዳን የበርታ ሰው ነው። አማርኛን ያወቀው በሥራ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላል፤ እኔንም እንዲሁ። መንገድ በሚሠሩ ቻይኖች ካምፕ ለዓመታት ጥበቃ ሠርቷል።

«አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበር» አለኝ፣ ሄጄ ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው። «ጠዋት ጠዋት እንዲህ ያደርጋል። እኔ ‹ይሄ ሰው አብዷል› አልኩ። አንድ ቀን ‹ግፋኝ› አለ። ገፋሁት። ወላሂ፣ እሱ ቆሟል፣ እኔ መሬት ላይ ነኝ! ‹ያላ፣ አስተምረኝ› አልኩ። ስሙ ታይጂ ነው።»

ታይ ቺ የሚባለው የቻይናዎች የዝግታ እንቅስቃሴ እሱ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው።

«ጸሎት ነው እንዴ?» አልኩት፤ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነበርና።

«ጸሎት የለውም። ይሄ ዱላ ነው። መማታት ነው። ግን ሽማግሌ ዱላ ነው፤ አይቸኩልም።»

ይህ ደግሞ ይባስ አስጨነቀኝ። ከጸሎት ሸሽቼ ድብድብ ልገባ ነው? ሦስት ቀን ወዲያ ወዲህ አልኩና ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

«የባዕድ አምላክ ስም ይጠራሉ?» አሉኝ።

«አይጠሩም፣ አባ። ግን መጀመሪያ ላይ እጃቸውን አጋጥመው ዝቅ ይላሉ።»

«ለማን?»

«‹ላስተማረኝ ሰው ሰላምታ ነው› ይላል።»

«አንቺ አማትቢና ጀምሪ። ለመሆኑ ያስጨነቀሽ እሱ ነው ወይስ መውደቁ?»

«መውደቁ» አልኩ።

«እንግዲያ ስለ መውደቁ እንጸልይ። ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐኪሟንም ስሚ፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው።»

በማግሥቱ ጀመርን። ጋሽ ሐምዳን የሌሊት ጥበቃውን ሲያስረክብ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከማንጎው ሥር። እኔ ሳማትብ እሱ «ቢስሚላህ» ይላል። ለሁለት ሳምንት ያደረግነው ነገር ቢኖር መቆም ብቻ ነው። ጉልበት ትንሽ ማጠፍ፣ ክብደትን ወደ ቀኝ ማፍሰስ፣ ግራውን ባዶ ማድረግ፣ ከዚያ መመለስ። እኔ ሰውነቴን ገትሬ የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ወጥቷል።

«ሹወያ፣ ሹወያ» ይለኛል፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። «እህቴ፣ አንተ ከማን ጋር ተጣላህ?»

«ከማንም።»

«ትከሻ ተጣልቷል። አውርደው።»

መቋሚያዬ ላይ ሙሉ ክብደቴን ጥዬ ስመጣ ሲያይ ደግሞ «ዱላው ደክሞታል፤ ያንተን በሽታ እሱ ተሸከመ። ይረፍ» ይላል። ማንጎው ላይ አስደግፈዋለሁ። ዱላው ተደግፎ ያርፋል፤ እኔ ያለ ድጋፍ ቆሜ እንቀጠቀጣለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መገፋፋት መጣ። ይህ የድብድቡ ክፍል ነው፤ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተነካክተው አንዱ ሌላውን ሚዛን ሊያሳጣው ይሞክራል። እዚህ ላይ ሁለታችንም ቆምን። እኔ ባዕድ ወንድ እጄን እንዲይዘኝ አልፈልግም። እሱም ባዕድ ሴት አይነካም። ተያየን። መቋሚያውን አነሣሁና አንዱን ጫፍ ዘረጋሁለት።

እጁን ሰበሰበ። «ይሄ የጸሎት ነው፣ አይደል? የጸሎት ዱላ አልገፋበትም። ሐራም ነው፤ ለአንተም ሐራም ነው።» ሄዶ ከአጥሩ ኋላ ቀርከሃ ቆርጦ መጣ፤ በእኛ አገር ቀርከሃ ችግር አይደለም። ያንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ በመዳፋችን ያዝን። በቀርከሃው በኩል ይገፋኛል፤ እኔ ደግሞ ሳልወድቅ መቀበል አለብኝ።

ገፋኝ። ተገተርኩ። ወደቅኩ፤ ማንጎው ያዘኝ።

«አንተ ግድግዳ ሆንክ። ግድግዳ ሲገፋ ይፈርሳል። በር ሁን። ሲገፉህ ዙር፤ ሰውዬው ያልፋል።»

ወገቤን ማዞር የፈራሁት ጭንቅላቴ ይዞራል ብዬ ነው። ግን ወገብ ሲዞር፣ እግር ሲረግጥ፣ ጭንቅላቴ ያን ያህል አይዞርም ነበር። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለመድኩት። በቤታችን ግቢ ብቻዬን ስለማመድ እትዬ ይመኙሻል በርበሬዋን እየለቀመች «ቻይናዋ ተነሣች!» ትላለች። «ለወንድምሽ ነው የምትዘጋጂው? መጥቶ ሊወስድሽ ሲል በካልቾ ልትይው?»

የዘንድሮው ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። ሁለታችንም ጾም ሆነን እንለማመዳለን። እዚህ ላይ ነው በራሴ የተማመንኩት፤ ትዕቢት ልበለው። ለወራት ያልሰገድኩትን ስግደት በአንድ ቀን ልከፍል ፈለግኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ ቆይቼ፣ ቤቴን ዘግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ፈጠን ፈጠን አድርጌ እሰግድ ጀመር። አርባ አንድ ልሞላ ነበር። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ስነሣ ወለሉ ተገለበጠና የአልጋው ጠርዝ ቅንድቤን መታኝ።

እትዬ ይመኙሻል ደሙን ስታይ ለወንድምጋሼ ደወለች። አልተቀየምኳትም፤ እሷም ፈርታ ነው። ስልኩን ሰጠችኝ።

«ፋሲካን አልጠብቅም» አለኝ። «ጸሎተ ሐሙስ እደርሳለሁ። ማክሰኞ አብረን እንገባለን። አለቀ።»

በማግሥቱ ቅንድቤ ታሽጎ ማንጎው ሥር ሄድኩ። ጋሽ ሐምዳን የሆነውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ጾም ነኝ። ጾም ሲሆን ትንሽ እሠራለሁ፣ ከፍ ብዬ እቆማለሁ፣ አልወርድም። ጾም ለአላህ ነው፣ ለመሰበር አይደለም።» የንስሐ አባቴም ተመሳሳይ ነገር አሉ፤ ውኃ እንድጠጣ አዘዙኝ። ሁለት ሽማግሌዎች በሁለት ሃይማኖት አንድ ቃል ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን የምጨፍነው ሰው አጠገቤ ሲኖር ብቻ ሆነ፤ ስግደቱንም ጉልበት አስቀድሜ፣ ጭንቅላት አስከትዬ፣ አንድ አንድ እያልኩ ጀመርኩት።

ወንድምጋሼ ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ቅንድቤን አየ፤ የጠቆረውን ግድግዳ አየ። ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ፤ ክንዴን አልለቅም ብሎ እስከ ሴቶች በር ድረስ። ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲወድቅና ሲነሣ እኔ በራሴ ዝግታ ወረድኩ፣ በራሴ ዝግታ ተነሣሁ። የሰው ግማሹን ያህል እንኳ አልሰገድኩም። ግን አልወደቅኩም። ማታ አለመውደቄንና ዘበኛው የሚያሠራኝን ልምምድ ነገርኩት።

«ጥሩ ነው» አለ። «እዚያም ቤተ ክርስቲያን አለ።» ሁለት ትኬት ቆርጦ ነበር።

ማክሰኞ ንጋት መናኸሪያ ሄድን። ሻንጣዬ በእጁ ነው፤ በሌላው እጁ ክንዴን ይዞኛል፤ መቋሚያውን እኔ ይዤዋለሁ። የበዓል ተመላሽ መናኸሪያውን ሞልቶታል። በድንገት «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» የሚል ጩኸት ሰማን፤ አንድ ተሸካሚ ፍራሽ ተሸክሞ፣ ፊቱ ሳይታይ፣ በእኛ ላይ መጣ። ወንድምጋሼ ሊያድነኝ ብሎ በኃይል ጎተተኝ።

በዚያች ቅጽበት አላሰብኩም፤ አስቤ ቢሆን እወድቅ ነበር። ጉልበቴ ታጠፈ፣ ወገቤ ዞረ፣ ፍራሹ ደረቴን ታክኮ አለፈ። እየጎተተኝ የነበረው ወንድምጋሼ ግን የሚጎትተው ነገር አጣና ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ክንዱን ያዝኩት። እግሬን ረግጬ ቀጥ አደረግኩት።

ሻንጣው መሬት ላይ ነበር። እሱ እግሬን ያያል። እኔም እግሬን አየሁ።

«አሁን ማን ነው ማንን የያዘው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ወንድምጋሼ።»

«ይሄን ነው ያ ዘበኛ ያስተማረሽ?»

«ይሄን ነው።»

ከዚያ ሁለተኛውን ትኬት ቦታ አጥቶ ለቆመ አንድ ሰው ሰጠና ሻንጣዬን አቀበለኝ። «ክፍሏን እህል አስገባባታለሁ» አለ። ሲሳፈር ጉልበቱን ሲያመው አየሁ። የአባታችንን መቋሚያ በመስኮት አቀበልኩት። እምቢ አለ፤ ደገምኩ፤ ተቀበለኝ።

ዛሬም ፈጽሞ ድኛለሁ አልልም። በጨለማና በግርግር ዛሬም እጠነቀቃለሁ፤ ሲደክመኝ መሬቱ ፍራሽ መሆን ይጀምረዋል። ወደ ሸርቆሌ ተመልሻለሁ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ግን አሁንም መስኮት ዳር ነው የምቀመጠው። ማዞር ያለባችሁ ሰዎች፣ ማዞሩ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚመረምር ሐኪም ፈልጉ፤ የሚያስተኛችሁን ኪኒን በራሳችሁ አትቀጥሉ፤ ተንቀሳቀሱ። ብቻችሁን ግን አትሁኑ። ካቆመኝ አምላክ ጋር፣ በቀርከሃ ጫፍ የገፋኝንም ሰው በጸሎቴ አነሣዋለሁ።

ያን ዕለት ከመናኸሪያ ብቻዬን በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ልቤ አላረፈም፤ አሁን እወድቃለሁ፣ አሁን እወድቃለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት። መታጠፊያው ላይ አንዴ ተንገዳግጄ ነበር፤ ማንም አላየኝም። ደጃፌ ላይ ደርሼ ሻንጣዬን አስቀመጥኩ፣ ጓጉንቸሩን ከፈትኩ፣ ገባሁ።

«አንቺ!» አለች እትዬ ይመኙሻል ከጓሮ ብቅ ብላ። «ማን ከፈተልሽ?»

ያኔ ነው እጆቼን ያየኋቸው። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጓጉንቸር ይዘዋል።